ቤቱ የገባ ሙሳፊር

ወንድሜ ደሴ የገባው ግንቦት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ዓርብ፣ ረመዷን በገባ በ12ኛው ቀን። አዛን ሊል ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። እናቴ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ እኔ ተምር አጥቤ ሳህን ላይ እደረድራለሁ። የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ቦርሳውን ነው። ከጭንቅላት በላይ ብቅ ያለ፣ አቧራ የጠገበ፣ አንዱ ማንገቻው በሲባጎ የተቋጠረ አረንጓዴ ቦርሳ። ከሥሩ ወንድሜ አለ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ጺም አብቅሏል።

"እታለም" አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

እናቴ ዘይቱን እሳት ላይ ትታ ወጣች። አቅፋው ስታለቅስ ሳምቡሳው አረረ። አባቴ ከሳሎን ሆኖ "ማነው? ማነው?" ይላል። በዚህ መሀል አዛን አለ። ተምር አቀበልኩት። እሱ ግን ውሃውን ቀድሞ አነሳና ግጥም አድርጎ ጠጣ። ከዚያ እንደማፈር ብሎ፣ "እኔ እንኳ አልጾምኩም፣ ሙሳፊር ነኝ" አለ። መንገደኛ ነኝ ማለቱ ነው፤ መንገደኛ ጾም መግደፍ ይፈቀድለታል።

እናቴ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ዛሬስ ይሁን። ነገስ?" አለችው።

ያን ምሽት ሁላችንም ሳቅን። ይህን የምጽፈው ግን ስለዚያች "ነገስ?" ነው።

ስለ መሄድ መካሪ ሞልቷል። ቪዛው፣ ትኬቱ፣ የቦርሳው ክብደት፣ ሁሉም ተናጋሪ አለው። ረጅም መንገድ ከርሞ ስለሚመለስ ሰው ግን ማንም ምንም አልነገረንም። እኛ ቤተሰቦቹ ብዙ አበላሸን። እሱም አበላሸ። ከፊሉን አስተካከልነው። ወንድሜ እንድጽፍ ፈቅዷል፤ "ስሜን ብቻ ተዪው፣ የቀረውን እንዳለ አድርጊው" ብሎኛል። እንዳለ ነው።

አካሄዱ

መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነበር። አምስት ዓመት በየበረሃው ሲለካ ኖረ። የነበረበት ፕሮጀክት ሲያልቅ ሌላ ቦታ እንዲመደብ አልጠበቀም፤ ለቀቀ። እጁ ላይ 100 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ጓደኞቹ ትንሽ ጨምረህ ባጃጅ ግዛ አሉት። እናቴ ሚስት አግባ አለችው። እሱ ድንኳን ገዛ።

ጥቅምት 2011 ወጣ። በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ገባ። እኛ ለኬንያ ቪዛ ስለማንጠየቅ ይሄኛው ቀላሉ ድንበር ነበር። ናይሮቢ፣ ሞምባሳ፣ ላሙ። ቀጥሎ ኡጋንዳ። ጂንጃ ላይ፣ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት ቦታ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የተነሳውን ፎቶ ላከልን። አባቴ ፎቶውን አይቶ "የራሳችን አባይ ምን አነሰው?" አለ። ከዚያ ሩዋንዳ፣ ከዚያ ታንዛኒያ። ከዳሬሰላም ታዛራ የሚባለውን ባቡር ተሳፍሮ ምቤያ ድረስ ሄደ። ታዛራ ታንዛኒያን ከዛምቢያ የሚያገናኝ 1,860 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ነው፤ ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠሩት። (እኛ ኮምቦልቻ ላይ ከአዋሽ እስከ ሃራ ገበያ የተዘረጋ ሐዲድ አለን። ሐዲዱን አይተነዋል። ባቡሩን ገና።)

በአማካይ በቀን 12 ዶላር ያህል እያወጣ ሰባት ወር ኖረ። በድንኳን፣ በርካሽ ማደሪያ፣ አንዳንዴም በሰው ቤት እያደረ። ተመልሶ ደሴ ሲገባ ኪሱ ውስጥ የቀረው 1,840 ብር ነበር። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከየት ነው የመጣኸው?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ስለሆነ።

ወሎ ውስጥ ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓረብ አገር ሠርቶ የሚመጣው ነው። ሻንጣ አለው፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አለው፣ ለእናቱ ወርቅ፣ ለጎረቤት ሽቶ አለው። ሁለተኛው የተጠረዘው ነው። 2006 ላይ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ስትመልስ ከእኛ ሰፈር ብቻ ስንት ቤት ውስጥ ለቅሶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ብዙዎቹ በአንድ ፌስታል ነው የመጡት። ለሁለቱም ሥርዓት አለን። ለመጀመሪያው እልል ይባላል፣ ለሁለተኛው "ዋናው ነፍስህ መትረፉ ነው" ይባላል። ቡናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ወንድሜ የትኛው ነው?

በማግስቱ ከፊጥር በኋላ ጎረቤት መጣ። ስኳር፣ ቡና፣ ዳቦ ይዘው። ለእናቴ "እንኳን ደስ ያለሽ" ይሏታል፣ ዓይናቸው ግን ጥግ ላይ የተደገፈው ቦርሳ ላይ ነው። ሻንጣ አይደለም። ፌስታልም አይደለም። አንዱ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ በየመን በኩል ነው የመጣኸው?" አሉት። "አይ፣ በሞያሌ" አለ። "ደቡብ አፍሪካ ልትሻገር ነበራ! ያዙህ?" አሉት። "ኧረ አባባ፣ ለመጎብኘት ነው።" ዝም አሉ። አሰቡበት። "ምን?"

ይህቺ "ምን?" ናት ለስድስት ሳምንት የተከተለችው። ፒያሳ ሲወጣ፣ ፀጉር ቤት ሲገባ፣ ሰኞ ገበያ ድረስ። እውነቱን ሲናገር ውሸት ይመስላል። ሠርቶ ያጠራቀመውን ብር ሐይቅ ለማየት ጨረሰው ማለት ለሰው ጆሮ እብደት ነው። መጨረሻ ላይ ደከመውና ለሚጠይቀው ሁሉ "ሥራ ላይ ነበርኩ" ማለት ጀመረ። ያኔ ደግሞ "ታዲያ ገንዘቡስ?" መጣ።

ስጦታዎቹም አልረዱትም። ለአባቴ ማሳዮች ከጎማ የሚሠሩትን ሰንደል አመጣለት። አባቴ አገላብጦ አየውና፣ "አንተ! በረባሶ ለመግዛት ነው ኬንያ የሄድከው?" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለነገሩ እውነቱን ነው፣ በረባሶ ነው። ለእናቴ ካንጋ ነበር። ካንጋ የባህር ጠረፍ ሴቶች የሚያገለድሙት ባለ ቀለም ጨርቅ ነው፤ ከታች በስዋሂሊ አንድ አረፍተ ነገር ይታተምበታል። የእሷ "ናኒ ካማ ማማ" ይላል። "እንደ እናት ማን አለ" ማለት ነው። ሲሰጣት ግን አልተረጎመላትም። እሷም አልጠየቀችም። አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ሞያሌ ላይ ቁጭ ብዬ ለጎረቤት የምመልሳትን አንዲት አጭር መልስ አዘጋጅ ነበር። ውሸት ሳይሆን ለሰፈሩ ሰው የምትገባ እውነት። "አገር ላይ ሄጄ መጣሁ፣ አልሃምዱሊላህ፣ አሁን ሥራ ልጀምር ነው" ብትለው ሰው ይተውሃል። ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። የት እንደሚያስቀምጥህ ቸግሮት ነው።

ቤት ውስጥ

በሦስተኛው ቀን ማለዳ 11 ሰዓት ላይ፣ ሱሁር በልተን ከተኛን በኋላ፣ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ሰምቼ ተነሳሁ። ቦርሳውን እያሰረ ነው። ሙሉውን። ድንኳኑን ጠቅልሎ፣ ብረት ድስቷን መሀል ከትቶ፣ ዚፑን ስቦ።

"የት ልትሄድ ነው?" አልኩት።

"የትም። እጄ ለመደ።"

አልጋው ላይ አይተኛም፤ ምንጣፉ ላይ ነው የሚያድረው። ውሃ ሲቀዳ ያለውን ሁሉ ጠርሙስ ይሞላል። ሁለት ካልሲ አጥቦ ሌላ ልብስ አይቀይርም። ስልኩ ላይ መንገድ ላይ ካወቃቸው ሰዎች ጋር ሌሊቱን ሲጻጻፍ ያነጋል። ቀን ዝም። እናቴ ሽሮ ሠርታ ስታቀርብለት "ዛሬ ምን እንደምበላ አለማሰብ ከበደኝ" አለኝ አንዴ። በጣም ተናድጄ ነበር። እሷ ጾም ይዛ ምድጃ ፊት ቆማ ትሠራለች፣ እሱ አለማሰብ ይከብደዋል!

በኋላ ሳስበው ግን ገባኝ። መንገድ ላይ ቀኑን የሚሞላው የትንሽ ጥያቄ መልስ ነው። የት አድራለሁ፣ ምን እበላለሁ፣ ያኛው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይነሳል። መልሱን ሁሉ ራሱ ነው የሚያገኘው። ማታ ሲተኛ ምንም ባይሠራ እንኳ ስድስት ነገር ተሳክቶለታል። እናት ቤት ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች የሉም። ያለው አንድ ትልቅ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከአሁን በኋላስ? እሱን ደግሞ በ1,840 ብር አትመልሰውም።

ወንድሜ አጥብቆ የሚጸጸተው በዚህች ቁጥር ነው። ምቤያ ላይ ሆኖ 600 ዶላር ገደማ ቀርቶት ነበር። አስቦ ያየው መመለሻውን የትራንስፖርት ብር ብቻ ነው። "ሞያሌን ስትሻገር ጉዞው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ወርም ከጉዞው ሒሳብ ላይ መቁጠር ነበረብኝ" ይላል። ስልክ የሚሞላው በእኔ ደመወዝ ነበር። የ29 ዓመት ወንድ ከእህቱ 50 ብር ሲቀበል ፊቱ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ማየት አልነበረብኝም።

ይህ የሱ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ጉላሆርን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 የመንገደኛውን ስሜት በእንግሊዝኛው "ደብልዩ" ፊደል መስለውታል። ባዕድ አገር ሲገባ ደስታ፣ ከዚያ መውረድ፣ ከዚያ መልመድ። አገሩ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ደስታ፣ እንደገና መውረድ፣ እንደገና መልመድ። ሁለተኛው ጉድጓድ ብዙ ሰው የማይዘጋጅበት ነው፤ ወደ ቤቱ ለመግባት የሚዘጋጅ ማን አለ? ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። "ሐኪም ያየው ነገር ነው ወይስ የጻፉት ብቻ ነው?" አለችኝ። የጻፉት ነው አልኳት። ተረጋጋች።

ትኩሳቱ

ሐኪም የሚያየው ነገርም መጣ። ዒድ ግንቦት 27 ዋለ። በማግስቱ ወንድሜ እየተንቀጠቀጠ አደረ። ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ላብ። አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ደም ተሰጠ፣ "ታይፎይድ ነው" ተባለ፣ ኪኒን ታዘዘ። ደሴ ውስጥ ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ነው፤ እሱ ካልሆነ ታይፈስ። ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀው። እሱም አልተናገረም። ያኔ ስለ ጉዞው መናገር አስጠልቶት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲብስ አባቴ ነው የነቃው። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ፣ 1990 ላይ ጦርነት ተነስቶ መንገዱ እስኪዘጋ። "ሚሌ አድሮ የመጣ ሰው ሲያንቀጠቅጠው ወባ ነው የምንለው። ይሄስ የባህር ዳርቻ አይደል የከረመው?" አለ። ሌላ ጤና ተቋም ሄድን። ገና በር ላይ "ከአንድ ወር በፊት ዳሬሰላም ነበርኩ" ብሎ ተናገረ። በዚያው ሰዓት ደሙ በማይክሮስኮፕ ታየ። ወባ፣ ያውም ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው። ኮአርቴም ለሦስት ቀን ወሰደ፣ ዳነ።

ደሴ ወይናደጋና ደጋ ላይ ናት፣ ወባ ከእኛ በታች ያለ በሽታ ይመስለናል። ጥገኛው ግን ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ብርዱን አብሮ ይወጣል። ሰው ከቆላ ከተመለሰ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዘው ካርድ ሳያወጣ በፊት የነበረበትን አገር ይናገር። ወንድሜ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ስለዋኘ የቢልሃርዚያ ምርመራም አደረገ። እሱ ነጻ ወጣ።

ጣሪያው

ትኩሳቱ ለቆት ሲነሳ አባቴ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ እኔንና እናቴን ጠርቶ፣ "ያንን ቦርሳ አትንኩበት። እናንተ ታስተካክሉታላችሁ፣ እሱ ያባረራችሁት ይመስለዋል" አለን። እናቴ ሽታው እየረበሻት ነበር። እሺ አለች፣ አልጋ ሥር ተገፋ።

ሁለተኛ፣ ወንድሜን ጠራው። "እኔ ከአሰብ ስመለስ ሦስት ቀን ከሰው ጋር አላወራም ነበር። እናትህን ጠይቃት። ሞተሩ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። አራተኛው ቀን ላይ እሷ የሆነ የተሰበረ ነገር ታመጣልኛለች። በርጩማ፣ የበር ቁልፍ፣ ምንም ይሁን። እሱን ስጠግን ነው ቤቴ መግባቴን የማውቀው" አለው። ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። "ክረምቱ ሳይገባ ይቺን ጣሪያ።"

ጣሪያችን ሁለት ቦታ ያፈስ ነበር። በየዓመቱ ባልዲ ነው የምንደቅንበት። ወንድሜ ወጣ። አሮጌ ቆርቆሮ ነቅሎ፣ አዲስ ተክቶ፣ ሚስማሩ ላይ ጎማ እየከተተ። ቀያሽ ስለሆነ ውኃ ልክ ይዞ ነው ጣሪያ ላይ የወጣው፤ ሰፈሩ ሳቀበት። አምስት ቀን ፈጀበት። ከላይ ሆኖ የጦሳን ተራራ ያያል፣ ከታች ሰው ያየዋል። "ልጁ ጣሪያ እየሠራ ነው" ተባለ። ከዚያ በኋላ "ምን?" የሚል ጥያቄ ቀነሰ። ጣሪያ የሚሠራ ሰው የት እንደሚቀመጥ ሰፈሩ ያውቃል።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ወረደ። አንዱ ቀዳዳ ተደፍኗል። ሁለተኛው ትንሽ ያፈሳል፣ እስካሁን።

ያልሰማው ነገር

የቀረውን ነገር የፈታው ግን ጣሪያ አይደለም።

ነሐሴ ላይ ጎረቤታችን ቤት ወዳጃ ነበር። ወዳጃ ለማያውቅ፣ ወሎዎች ተሰብስበን ቡናው እየተፈላ፣ ጫቱ እየተቃመ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ዱዓ የምናደርግበት ነው። የተቸገረም፣ የታመመም፣ ደስ ያለውም ጉዳዩን ይዞ ይመጣል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይመጣሉ፤ ዱዓው ለሁሉም ነው። ወንድሜ ሊሄድ አልፈለገም። እናቴ "ዱዓ አድርገውልህ ነበር፣ ሄደህ አመስግን" ስላለችው ነው የሄደው።

በረካው ሲደርስ አንዲት አሮጊት እጁን ያዙት። "አንተ ነህ ያ እሁድ?" አሉት።

የቱ እሁድ እንደሆነ አልገባውም። እሳቸው ነገሩት። መጋቢት 1 ቀን 2011፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው አውሮፕላናችን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ እናቴ ሬዲዮው ላይ የሰማችው አንድ ቃል ነው፦ ናይሮቢ። ልጄ ናይሮቢ ነው አለች። እኔ ደጋግሜ ነገርኳት። እሱ ታንዛኒያ ነው፣ አውሮፕላን አልያዘም፣ ያውም ይሄኛው ከዚህ የተነሳ ነው። አልሰማችኝም። ስልኩ ተደወለ፣ ዝግ ነው። ማክሰኞ ማታ ድረስ ዝግ ነበር። ከምቤያ በታች ኒያሳ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ኔትወርክ በሌለበት ተኝቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ቤታችን እንደ ለቅሶ ቤት ሆነ። ሴቶቹ እየተፈራረቁ አብረዋት አደሩ። በግ ታርዶ ሰደቃ ተደረገ። ረቡዕ ሲደውል "እማ፣ እዚህ ያለው ሐይቅ ብታይው!" ነው ያላት። እሷ "ደህና ነህ?" አለች። ደህና ነኝ አለ። ስልኩን ዘጋች። ምንም አልነገረችውም፤ እኛንም "እንዳትነግሩት" አለችን። በሰው አገር ልቡ እንዳይሸበር።

ከመጣ ጀምሮ እንደተቀየመችው እኔ አውቅ ነበር። ካንጋውን ሳጥን የከተተችው ለዚያ ነው። እሱ ደግሞ ማንም ስለ ጉዞዬ አይጠይቀኝም ብሎ ተቀይሟል። ሦስት ወር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ኩርፊያ ጎን ለጎን ሲተኛ፣ ሁለቱንም የማውቀው እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ። ለመሸምገል ብዬ ሳይሆን ለመሸሽ ብዬ ነው። ጥፋቴ ይሄ ነው። ገና በመጣ በሳምንቱ ብነግረው ኖሮ ግማሹ ነገር አይከሰትም ነበር።

ከወዳጃው ሲመለስ እናቴ ጓዳ ነበረች። ገባ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ካንጋውን አገልድማ ምድጃ ፊት ቆማለች። "ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?" አልኳት። "ትናንት ነገረኝ" አለች። "ደግሞ መጠየቅ ነበረብኝ እንዴ?"

ቀዷ

መስከረም 2012 ላይ ኮምቦልቻ፣ አንድ ግንባታ ላይ ሥራ አገኘ። ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይመጣል። ደመወዙ ከቀድሞው ያንሳል። ለእኔ ብድሬን መመለስ ጀመረ። ቆጥሮ ይዞት ነበር ለካ፣ እያንዳንዷን 50 ብር። ሥራ በሌለው ቀን በእግሩ ይሄዳል። አንድ እሁድ እኔንም ጎትቶ በእግር ወደ ሐይቅ ከተማ ወሰደኝ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ እኔም የምገባበት እግር አልቀረልኝም። ውሃው ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ ጥብስ በላን። እዚያ ነው ስለ ኒያሳ፣ ስለ ላሙ አህዮች፣ ስለ ታዛራ መስኮት ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ያወራልኝ። የማውቀውን ሐይቅ እያየ የማላውቀውን ሐይቅ ነገረኝ። በሚኒባስ ተመለስን።

በዚያው ሰሞን ዕዳውን አስታወሰ። ረመዷን ከገባ ጀምሮ እስከገባበት ዓርብ፣ በመንገደኛነቱ ያልጾመው 12 ቀን ነበር። ሙሳፊር መግደፍ ይፈቀድለታል፤ ቀዷ ግን አለበት፤ የገደፈውን ቀን በኋላ ቆጥሮ ይጾማል። እኔም የሴት ቀዷ ነበረብኝ። ሰኞና ሐሙስ እንጹም ተባባልን። እናቴ ለሁለታችን ሱሁር ታዘጋጃለች። ሰባቱን አብረን ጾምን፤ የእኔ አለቀ፣ እሱ ብቻውን ቀጠለ። "አብሽር፣ አምስት ናት የቀረችህ" ትለዋለች እናቴ፣ የአባቴን የሾፌር ቋንቋ ተውሳ፣ "ኮምቦልቻ ደርሰሃል።"

የመጨረሻዋ ቀን ጥቅምት ውስጥ ሐሙስ ነበረች። ከሥራ ሲመለስ ቦርሳው ውጭ፣ ልብስ ማድረቂያው ሽቦ ላይ ተሰቅሏል። ታጥቧል። ጠዋት ሲወጣ ራሱ ነው አውጥቶ ለእናቴ የሰጣት። ሲባጎው ተፈትቶ ማንገቻው በክር ተሰፍቷል። ቀለሙ አረንጓዴ ሳይሆን ሰማያዊ መሆኑን ያን ቀን አየን።

እናቴ በእፍኟ የሆነ ነገር ይዛ መጣች። ከጎን ኪሱ ያወጣችው አሸዋ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ደቃቅ።

"ይሄ የየት አገር አሸዋ ነው?" አለችው።

ጠጋ ብሎ በጣቱ ነካው። "ኒያሳ። ያን እሁድ የነበርኩበት ነው" አለ።

እጇን አልዘረጋችም፣ አልጣለችውምም። ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ በሩ አጠገብ ወዳለው ጣሳ ሄደች። ጤና አዳሟ ሥር ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው፣ በእጇ ጀርባ ደልደል አደረገችው። አዛን አለ። ተምሩን አቀበልኩት።